መስመሩ መሃል ላይ ሲበጠስ፦ ዳታ የምንልክባቸውና የምንቀበልባቸው ትእዛዞች አመራረጥ

(ኮምቦልቻ ላይ ለሲስተምና ለኔትወርክ ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንግባ።

ደሴ ሆጤ አካባቢ ያለ አንድ ቅርንጫፍ ቢሮ ማታ ማታ የዕለቱን የዳታቤዝ ቅጂ ኮምቦልቻ ወዳለው ዋና ሰርቨር ይልካል እንበል። ፋይሉ 2 ጊጋባይት ነው፤ መስመሩ ለመላክ የሚሰጠው 4 ሜጋቢት በሰከንድ። 2 ጊጋባይት ማለት 16,000 ሜጋቢት ነው፤ ለ4 ሲካፈል 4,000 ሰከንድ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ግድም ይፈጃል። ይህም መስመሩን ማንም ሳይጋራንና አንዴም ሳይቆራረጥ ነው። አሁን ሥራው 90 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። አንዱ ትእዛዝ ከቆመበት ቀጥሎ የቀረውን በ7 ደቂቃ ይጨርሳል። ሌላው ከዜሮ ጀምሮ ሌላ አንድ ሰዓት ይበላል። ሦስተኛው የተቆረጠውን ፋይል እንደ ሙሉ ቆጥሮ ያስቀምጥና ያለምንም ስሕተት ይወጣል። መስመሩ ደህና በዋለ ቀን ሦስቱም ሥራቸውን በትክክል ስለሚሠሩ ማን ከማን እንደሚሻል አይታወቅም።

ዛሬ የምንናገረው በኔትወርክ ላይ ዳታ ስለሚያመላልሱት ስለነዚህ ትእዛዞች ነው፤ ስለ ከርል፣ ደብልዩጌት፣ ኔትካት፣ ሶካት፣ ኤስሲፒ፣ አርሲንክ። «የትኛው ይሻላል?» ሲባል አብዛኛው ሰው የለመደውን ይጠራል። እኛ የምንለው ግን የመጀመሪያው መለኪያ ይህ ይሁን ነው፦ መስመሩ መሃል ላይ ሲበጠስ ይህ ትእዛዝ ምን ያደርጋል? መበጠሱን ያውቃል? ደግሞ ይሞክራል? ከቆመበት ይቀጥላል? ለጠራው ስክሪፕትስ (ትእዛዞች በተራ ለተጻፉበት ፋይል) እውነቱን ይነግረዋል? ፍጥነቱንም ምቾቱንም ከዚያ በኋላ እናያለን።

አማራጮቹን በምናነባቸው መንገድ እንጽፋቸዋለን። «ሰረዝ ትልቁ ኤል» ስንል አንድ ሰረዝና የእንግሊዝኛው ትልቁ ኤል ፊደል ነው፤ «ሁለት ሰረዝ ሪትራይ» ስንል ሁለት ሰረዝና ቃሉ። ትልቁና ትንሹ ፊደል ፍጹም የተለያየ ሥራ ስላላቸው ይህን ልብ በሉ።

በከርል እንጀምር። ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ እ.ኤ.አ. በ1998 በዚህ ስም አወጣው፤ ዛሬ ሊኑክስ ላይ ብቻ ሳይሆን ከ1803ኛው እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ላይም አብሮ ይመጣል። (በድሮው ፓወርሼል 5.1 ላይ ግን «ከርል» ብላችሁ ስትጽፉ የሚጠራው የፓወርሼል የራሱ ሌላ ትእዛዝ ነው። እውነተኛውን ለማግኘት «ከርል ነጥብ ኢኤክስኢ» ብላችሁ ጻፉ።) ከርል ከአንድ አድራሻ ጋር አንድ ልውውጥ በትክክል ለማድረግ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ሁሉ ካልነገራችሁት አያደርግም። ያመጣውን ፋይል ላይ ሳይሆን ተርሚናሉ (ትእዛዝ የምንጽፍበት መስኮት) ላይ ያፈሰዋል። ሰርቨሩ «ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ» ቢለው አይሄድም። ሰርቨሩ 404 ወይም 500 የሚል የስሕተት ቁጥር ቢመልስለት፣ የስሕተቱን ገጽ ተቀብሎ «ተሳክቷል» በሚለው የመውጫ ቁጥር በ0 ይወጣል። ብዙ ስክሪፕት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ባክአፕ» የተባለው ፋይል ሲከፈት የኤችቲኤምኤል የስሕተት ገጽ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ በስክሪፕት ውስጥ ከርል ሲጠራ ሦስት ነገር እንዳይቀር። ሰረዝ ትንሹ ኤፍ፣ ሰርቨሩ 400 እና ከዚያ በላይ ሲመልስ በ22 እንዲወጣ። ሰረዝ ትልቁ ኤል፣ የተመራበትን አድራሻ እንዲከተል። ሦስተኛው የጊዜ ገደብ ነው፤ ሳይነገረው ከርል ለመገናኘት ብቻ እስከ 300 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከተገናኘ በኋላ ደግሞ ለጠቅላላው ሥራ ገደብ የለውም። ሁለት ሰረዝ ኮኔክት-ታይምአውት 15 በሉት። ለትልቅ ፋይል ሁለት ሰረዝ ማክስ-ታይም አይመከርም፤ መስመሩ ቀጭን ሆኖ ሥራው ግን እየሄደ ሳለ ይገድለዋል። የሚሻለው ሁለት ሰረዝ ስፒድ-ሊሚት 1000 ከሁለት ሰረዝ ስፒድ-ታይም 60 ጋር ነው፤ ፍጥነቱ ለ60 ሰከንድ ከ1,000 ባይት በሰከንድ በታች ከሆነ ይቁም ማለት ነው። ቀርፋፋውን መስመር ታግሦ የሞተውን ይለያል።

ደግሞ የመሞከሩ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሁለት ሰረዝ ሪትራይ 5 ካላችሁት ከርል ጊዜያዊ ብሎ የሚያስባቸውን ችግሮች ብቻ ይደግማል፤ የጊዜ ገደብ ማለፍን፣ ከኤችቲቲፒ (የድረ ገጽ መገናኛ ደንብ) መልሶች ደግሞ 408፣ 429፣ 500፣ 502፣ 503 እና 504ን። መጀመሪያ 1 ሰከንድ ይጠብቃል፣ በየዙሩም እጥፍ ያደርገዋል። መሃል ላይ የተበጠሰ ፋይል ግን ከርል በ18 ወይም በ56 የሚወጣበት ነገር ነው፤ ይህንን ተራው ሪትራይ አይነካውም። ስለዚህ ለትንሽ ጥያቄ ሪትራይን ተጠቀሙ። ለትልቅ ፋይል መደጋገሙን ለስክሪፕቱ ስጡት፦ ከርል ሰረዝ ትልቁ ሲ እና ብቻዋን የቆመች ሰረዝ («ፋይሉን አይተህ ከቆመበት ቀጥል» ማለት ነው)፣ ካልተሳካ 30 ሰከንድ ተኝቶ እንደገና፣ ቢበዛ 40 ዙር። የመውጫ ቁጥሩ 33 ከሆነ ሰርቨሩ ከመሃል መስጠት አይችልም ማለት ነውና ዙሩን ማቆም ነው።

መድገም የማይገባ ነገርም አለ። ክፍያ የሚመዘግብ ወይም የዕቃ ትእዛዝ የሚያስገባ ፖስት (ዳታ ለሰርቨሩ የሚያስረክብ ጥያቄ) ልካችሁ መልሱ ሳይደርስ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ሰርቨሩ ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው። ደግሞ መላክ ማለት ሁለት ጊዜ መመዝገብ ነው። ሰርቨሩ ልዩ የጥያቄ ቁጥር ተቀብሎ ድግሙን የሚለይ ካልሆነ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሪትራይ ውስጥ አታስገቡ። መጀመሪያ ደርሶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከዚያ ላኩ።

በአማርኛ ለምንሠራ ሰዎች ከርል ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ሰረዝ ትንሹ ዲ ነው። ይዘቱን ከፋይል ሲያነብ የመስመር መጨረሻዎችን ይጥላቸዋል። የ500 ደንበኞች ዝርዝር በሲኤስቪ ብትልኩ ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው አንድ የተጣበቀ ረጅም መስመር ነው። ፋይሉ እንዳለ እንዲሄድ ሁለት ሰረዝ ዳታ-ባይነሪ ያስፈልጋል። ሁለተኛው በአድራሻ ውስጥ የሚገባ የግዕዝ ፊደል ነው። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 (ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት ሥርዓት) ሦስት ባይት ይይዛል፤ በአድራሻ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት የፐርሰንት ምልክትና ሁለት ቁምፊ ስለሚሆን አንዱ ፊደል ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። «ሰላም» 27 ቁምፊ ነው። የኤስኤምኤስ ጌትዌይ (አጭር መልእክት የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ላይ የአማርኛ መልእክት እንዳለ አድራሻው ላይ ሲለጠፍ 400 የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሰረዝ ትልቁ ጂ ከሁለት ሰረዝ ዳታ-ዩአርኤልኤንኮድ ጋር ሆኖ ልወጣውን ራሱ ከርል ይሠራዋል። እግረ መንገዱን፦ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ነው የሚይዘው፤ 71ኛው ፊደል ሁለተኛ መልእክት ያስቆጥራል።

ከርል ለምርመራም ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። «ሲስተሙ ቀርፏል» የሚል ስልክ ሲመጣ፣ ሰረዝ ትንሹ ደብልዩ ጊዜውን በየደረጃው ይከፍልላችኋል፦ ስሙ ወደ አድራሻ የተተረጎመበት፣ ቲሲፒ (ሁለቱን ማሽኖች የሚያገናኘው ደንብ) የተገናኘበት፣ የቲኤልኤስ (የምስጠራው) መጨባበጥ ያለቀበት፣ የመጀመሪያው ባይት የመጣበት፣ ሁሉም ያለቀበት። ቁጥሮቹ ሁሉ ከመነሻው ጀምሮ የተደመሩ ናቸውና አንዱን ከሌላው እየቀነሳችሁ አንብቡ። ስሙ ለመተርጎም 5 ሰከንድ ከፈጀ የመጀመሪያው የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው) ሰርቨር አይመልስም፤ ሊኑክስ በልማዱ 5 ሰከንድ ጠብቆ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። ግንኙነቱ ፈጥኖ የመጀመሪያው ባይት ከዘገየ መስመሩን አትውቀሱ፤ የዘገየው ሰርቨሩ ወይም ከጀርባው ያለው ዳታቤዝ ነው። የመጀመሪያው ባይት ፈጥኖ መጨረሻው ከራቀ ያኔ መስመሩ ቀጭን ነው።

ደብልዩጌት ሌላ ጠባይ አለው። ክሮኤሺያዊው ህርቮየ ኒክሺች እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያወጣው ኢንተርኔት በስልክ መስመር የሚገኝበት ዘመን ነበርና ለቀርፋፋና ለሚቆራረጥ መስመር ታስቦ ተሠራ። ሳትነግሩት ፋይል ላይ ያስቀምጣል፣ ሳትነግሩት የተመራበትን ይከተላል፣ ሳትነግሩት 20 ጊዜ ይሞክራል፤ መሃል ላይ ቢበጠስም በዚያው ሩጫ ውስጥ ካቆመበት ይቀጥላል። «ይህን ፋይል አምጣልኝ፣ እኔ ልተኛ» ለሚል ሰው ደብልዩጌት ነው። ፋይል ለመላክ ግን አልተሠራም፤ የሚያውቃቸውም ፕሮቶኮሎች (የመገናኛ ደንቦች) በዋናነት ኤችቲቲፒ፣ ኤችቲቲፒኤስና ኤፍቲፒ ናቸው። አንድ መስተካከል ያለበት ልማድ አለው፦ ዳታ መምጣቱን ሲያቆም 900 ሰከንድ፣ ማለትም ሩብ ሰዓት ይጠብቃል። ሁለት ሰረዝ ሪድ-ታይምአውት 30 አድርጉት። ሌላው፣ «ግንኙነት ተከልክሏል» የሚለውን መልስ የመጨረሻ አድርጎ ይወስደዋልና 20 ጊዜ መሞከሩ እዚህ አይሠራም፤ እሱንም እንዲደግም ሁለት ሰረዝ ሪትራይ-ኮንሪፊዩዝድ አለ።

ያ ስም ያለው ፋይል ካለ ደብልዩጌት አይደርብበትም፤ አዲሱን በስሙ መጨረሻ «ነጥብ 1» ብሎ ያስቀምጠዋል። በየሌሊቱ የዋጋ ዝርዝር የሚያመጣ ስክሪፕት አዲሱን ፋይል «ነጥብ 1»፣ «ነጥብ 2» እያለ እየከመረ፣ የሚያነበው ፕሮግራም ግን የመጀመሪያውን ቀን ፋይል ለወራት ሲያነብ ይኖራል። መፍትሔው ሰረዝ ትልቁ ኤን ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው አዲስ ከሆነ ብቻ አውርዶ ይተካል።

ለኮሌጅ ላቦራቶሪ ወይም ኢንተርኔት ለሌለው ክፍል መማሪያ ገጾችን ሙሉ ማውረድም የደብልዩጌት ሥራ ነው፤ ከርል አገናኞችን እየተከተለ አይወርድም። ሰረዝ ትንሹ አር ይከተላል፣ ሁለት ሰረዝ ኖ-ፓረንት ከተጠቀሰው ክፍል በላይ እንዳይወጣ ያግደዋል፣ ሰረዝ ትንሹ ኬ አገናኞቹን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ ያስተካክላል፣ ሰረዝ ትንሹ ፒ ሥዕሎቹን ያመጣል። ኖ-ፓረንትን ከረሳችሁ ድረ ገጹን በሞላ ሊያወርድ ይችላል፤ በጥቅል ዳታ ላይ ከሆናችሁ ጥቅሉ ጠዋት አልቆ ታገኙታላችሁ።

ከቆመበት ስለ መቀጠል ሁለቱም የሚጋሩት አደጋ አለ። ከርልም ሆነ ደብልዩጌት ሲቀጥሉ የሚያዩት ያለውን ፋይል ርዝመት ነው፤ ይዘቱን አያመሳክሩም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል በመሃል ከተቀየረ፣ የትናንቱ ግማሽና የዛሬው ግማሽ ተሰፍተው አንድ ፋይል ይሆናሉ። ርዝመቱ ልክ ነው፣ የመውጫ ቁጥሩ 0 ነው፣ ፋይሉ ግን ቆሻሻ ነው። ስለዚህ የሚላክ ፋይል ስሙ ላይ ቀን ይኑረው፣ አንዴ ከወጣ በኋላም በዚያ ስም አይቀየር፤ ከጎኑም ኤስኤችኤ256ሰም የሚባለው ትእዛዝ የሚያወጣው ድምር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ይቀመጥ። ተቀባዩ ድምሩን ሳያመሳክር ፋይሉን ሥራ ላይ አያውል። ይህን አንድ ሥርዓት የያዘ ቢሮ የትኛውንም ትእዛዝ ቢመርጥ ብዙ አይጎዳም።

አሪያ2ን በአጭሩ እንለፈው፤ አንዱን ፋይል ቆራርጦ በብዙ ግንኙነት ያወርዳል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ፍጥነት ከወሰነ ይጠቅማል፤ ጠባቡ የእናንተው መስመር ከሆነ ግን ምንም አይጨምርላችሁም።

ወደ ኔትካት እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ የነበረው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ግራ በኩል የገባውን ባይት በቲሲፒ ወይም በዩዲፒ (መድረሱን ሳያረጋግጥ በሚልክ ሌላ ደንብ) ቀኝ በኩል ማውጣት። ፕሮቶኮል አያውቅም፣ ርዝመት አያውቅም፣ ምስጠራ የለውም። መግቢያችን ላይ ሦስተኛ ያልነው እሱ ነው። ላኪው በተበጠሰ ጊዜ ለተቀባዩ የሚደርሰው «አለቀ» የሚል ምልክት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ ፋይልና ግማሽ ፋይል ለኔትካት አንድ ናቸው። በአንድ ስዊች ላይ ካለ ኮምፒውተር ወደ ጎረቤቱ ለማስተላለፍ፣ ድምር እያመሳከራችሁ፣ ይሁን። በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ግን ባክአፕ በኔትካት አይላክም።

ኔትካት የሚጠቅመው ፖርት (አንድ አገልግሎት ማሽኑ ላይ የሚያዳምጥበት ቁጥር) ለመሞከር ነው። ሰረዝ ትንሹ ዚ፣ ሰረዝ ትንሹ ቪ፣ ሰረዝ ትንሹ ደብልዩ 3፣ ከዚያ አድራሻውና ፖርቱ። መልሱን በጥንቃቄ አንብቡ። «ተገናኝቷል» ካለ መንገዱም አገልግሎቱም አለ። «ግንኙነት ተከልክሏል» ካለ በአብዛኛው ማሽኑ ጋ ደርሳችኋል፣ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም፤ ሂዱና አገልግሎቱን አስነሡ። ሦስት ሰከንዱ ዝም ብሎ ካለፈ ፓኬቱ የሆነ ቦታ ተጥሏል፤ ፋየርዎሉን (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደውን) ወይም መንገዱን ፈትሹ። የሁለቱን ልዩነት የማያውቅ ሰው አገልግሎቱ ሞቶ ሳለ ፋየርዎል ሲነካካ ይውላል። በዩዲፒ ላይ ግን ይህን ሙከራ አትመኑት፤ ዩዲፒ መጨባበጥ ስለሌለው መልስ ካልመጣ ኔትካት «ክፍት ነው» ይላል፣ ፋየርዎል ሁሉን እየጣለም ቢሆን።

ሌላው ችግር ኔትካት አንድ አለመሆኑ ነው። ኡቡንቱ ላይ የምታገኙት የኦፕንቢኤስዲው ነው፤ ሬድ ሃትና ዘመዶቹ ላይ ከ7ኛው እትም ጀምሮ የኤንማፕ ፕሮጀክት ኤንካት ነው፤ የጥንቱም በየቦታው አለ። በጥንቱ ለማዳመጥ ሰረዝ ትንሹ ኤል እና ሰረዝ ትንሹ ፒ ከፖርቱ ጋር ይጻፋል፤ በኦፕንቢኤስዲው ሰረዝ ትንሹ ኤል እና ፖርቱ ይበቃል። ፋይል ልካችሁ ሁሉም ከደረሰ በኋላ ትእዛዙ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ በኦፕንቢኤስዲው ላይ ሰረዝ ትልቁ ኤን ጨምሩ፤ ግብአቱ ሲያልቅ ግንኙነቱን ይዘጋል። በጥንቱ ያው ሥራ ሰረዝ ትንሹ ኪው ነው። በብዙ ማሽን ላይ የሚሄድ ስክሪፕት ከሆነ ግን ሁሉም ጋ ኤንካትን ጭናችሁ በስሙ ጥሩት፤ ቲኤልኤስም ይችላል።

ሶካት የሚያስፈልገው ሁለቱ ጫፎች ዓይነታቸው ሲለያይ ነው። ኮምቦልቻ የጭነት ከተማ ናትና አንድ ምሳሌ ይበቃል። የጭነት መኪና ሚዛን ብዙ ጊዜ ክብደቱን በሲሪያል ገመድ፣ ለምሳሌ በ9600 ፍጥነት ያወጣል፤ የሒሳብ ክፍሉ ፕሮግራም ደግሞ በኔትወርክ ማንበብ ይፈልጋል። ሶካት በአንድ ወገን ሲሪያሉን በጥሬው ይከፍታል (ፍጥነቱ ቢ9600፣ ሮው፣ ኤኮ እኩል ይሆናል 0)፣ በሌላው ወገን በቲሲፒ ፖርት ላይ ያዳምጣል። እዚህ ላይ «ፎርክ» የሚለውን፣ ለእያንዳንዱ ገቢ ግንኙነት የራሱን ቅጂ የሚያስነሣውን አማራጭ ከልማድ አትጨምሩ። ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ከገባ ሁለቱም ያንኑ ሲሪያል ከፍተው ባይቶቹን ይሻማሉ፤ 38,460 ኪሎ የነበረው አንዱ ጋ 384፣ ሌላው ጋ 60 ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ሶካት ሌላም ልማድ አለው፦ አንዱ ወገን ሲያልቅ ለሌላው የሚሰጠው ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። ጥያቄ ልካችሁ መልሱ እየተቆረጠ ከመጣ ሰረዝ ትንሹ ቲ 10 ጨምሩ።

ቴልኔትን ለፖርት መሞከሪያነት እንኳ አሁን አንመክረውም፤ ኔትካት ይበልጠዋል። በቲኤልኤስ የተሸፈነ አገልግሎት ለመሞከር የሚያስፈልገው የኦፕንኤስኤስኤል ኤስ-ክላየንት የሚባለው ትእዛዝ ነው። የሜይል ሰርቨር ስትፈትኑበት ግን በትልቁ አር የሚጀምር መስመር ለእሱ የራሱ ትእዛዝ ነው፤ የመልእክቱን ተቀባይ የሚነግረውን «አርሲፒቲ ቱ» በትልቁ ስትጽፉ ለሰርቨሩ አይደርስም፣ ግንኙነቱም ይበላሻል። በትንሹ ፊደል ጻፉት፣ ወይም ሰረዝ ኳየት ጨምሩ።

ለዚያ ለ2 ጊጋባይቱ ባክአፕ ምን እንጠቀም? ኤስሲፒ ምስጠራ አለው፣ ሁሉም ጋ አለ፣ ነገር ግን ከቆመበት አይቀጥልም፤ ሲበጠስም ግማሹን ፋይል በመጨረሻው ስሙ ትቶት ይሄዳል። ዊንዶውስ ላይ ላለ ሰው ኤስኤፍቲፒ ይሻላል፤ «ሪፑት» እና «ሪጌት» የሚባሉት ትእዛዞቹ ይቀጥላሉ። ሁለቱም ወገን ሊኑክስ ከሆነ ግን ምርጫችን ያለ ጥርጥር አርሲንክ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት ግንኙነት) ነው።

አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲንክን ሲያወጡ መነሻው ይህ ነበር፦ ሁለቱም ወገን ተመሳሳይ ፋይል ካላቸው ልዩነቱን ብቻ እንላክ። ተቀባዩ የያዘውን ፋይል በብሎክ ከፋፍሎ ድምራቸውን ይልካል፤ ላኪው አዲሱ ፋይል ውስጥ እነዚያን ብሎኮች ባይት በባይት እየተንሸራተተ ይፈልጋል፤ ያላገኘውን ብቻ ይልካል። የዳታቤዙ ቅጂ 2 ጊጋባይት ቢሆንም ከትናንት የተለየው 60 ሜጋባይት ከሆነ፣ አንድ ሰዓት የነበረው በ4 ሜጋቢት መስመር ላይ ወደ 2 ደቂቃ ይወርዳል፤ ፋይሉን ለማንበብ ዲስኩ የሚፈጀው ጊዜ ግን ይጨመርበታል።

ይህን ጥቅም በሁለት መንገድ ታጡታላችሁ። ቅጂውን በጂዚፕ (ፋይል በሚያሳንስ ትእዛዝ) አጭቃችሁ ከላካችሁ መጀመሪያው አካባቢ አንድ ረድፍ ቢቀየር ከዚያ በኋላ ያለው የታጨቀ ባይት በሙሉ ይቀየራልና ልዩነቱ መላው ፋይል ይሆናል። ሳታጭቁት አስቀምጡና አርሲንክ በሰረዝ ትንሹ ዚ በመንገድ ላይ ያጭቀው፤ ወይም ጂዚፕን ሁለት ሰረዝ አርሲንካብል በሉት። ሁለተኛ፣ ስሙ ላይ ቀን ካለ ተቀባዩ ጋ በዚያ ስም የሚነጻጸር የትናንት ፋይል የለም። ለዚህ ሰረዝ ትንሹ ዋይ አለ፤ በዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙ የሚመስለውን ፈልጎ ከእሱ ጋር ያነጻጽራል።

አርሲንክ በሚልክበት ጊዜ በጊዜያዊ ስም ጽፎ ሲጨርስ ነው ስሙን የሚቀይረው፤ ስለዚህ ተቀባዩ ግማሽ ፋይል አያይም። ነገር ግን ሁለት ሰረዝ ፓርሻል ስትሉ የተበጠሰው ግማሽ በመጨረሻው ስሙ ይቀመጣል። ባክአፑን የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም ካለ ይህ አደጋ ነው፤ ሁለት ሰረዝ ፓርሻል-ዲር ብላችሁ ግማሾቹን የሚይዝ የተለየ ፎልደር ስጡት። ይህ የሚጠቅመው ላኪው ወይም መስመሩ ሲቋረጥ ነው። መብራት የሄደው ተቀባዩ ጋ ከሆነ አርሲንክ ግማሹን ለማዳን ጊዜ አያገኝም፤ በነጥብ የሚጀምር የተደበቀ ፋይል ጥሎ ይቀራል፣ ዲስኩንም ቀስ በቀስ ይሞላል። ያላችሁ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ከሆነ ተቀባዩ ጋ ይሁን።

ጸጥ ብሎ የሞተ መስመርም አለ። ገመዱ ሲበጠስ ቲሲፒ ወዲያው አያውቅም፤ ኤስኤስኤች ለብዙ ደቂቃ ተንጠልጥሎ ሊቆይ ይችላል። የኤስኤስኤች ቅንብር ላይ ሰርቨር-አላይቭ-ኢንተርቫል 15 እና ሰርቨር-አላይቭ-ካውንት-ማክስ 3 አስገቡ፤ 45 ሰከንድ ገደማ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። አርሲንክ ላይ ሁለት ሰረዝ ታይምአውት 60። በስክሪፕት ሲሆን ባች-ሞድ የስ ጨምሩ፣ ማንም በሌለበት ሌሊት ፓስወርድ እየጠየቀ እንዳያድር። ስክሪፕቱንም በኤፍሎክ (አንድ ሥራ ሁለቴ እንዳይነሣ በሚቆልፍ ትእዛዝ) ጠቅልሉት፤ የትናንቱ ሥራ ሳያልቅ የዛሬው ሲጀምር ሁለቱ በአንድ ፋይል ላይ እንዳይጋጩ።

መስመሩን ቀን ቀን ከሠራተኛው ጋር የምትጋሩ ከሆነ ሁለት ሰረዝ ቢደብልዩ-ሊሚት አለ። የሚቆጥረው በኪሎባይት እንጂ በቢት አይደለም። 4 ሜጋቢት 500 ኪሎባይት ነውና ግማሹን ለመተው 250 በሉት። 2000 ብላችሁ ብትጽፉ ምንም አልገደባችሁም። የመስመሩን እውነተኛ አቅም ለማወቅ ደግሞ በአይፐርፍ3 ለኩ፤ ፖርቱ 5201 ነው፣ በልማዱ 10 ሰከንድ ይለካል።

ክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሣው ፕሮግራም) ላይ ሰዓት ስትጽፉ የእኛንና የኮምፒውተሩን አቆጣጠር አታደባልቁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ሰዓቱ በኢትዮጵያ ቀጠና በተስተካከለ ሰርቨር ላይ 2 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከሆነ 23 ነው፣ ያውም በፊተኛው ቀን። 8 ብሎ የጻፈ ሰው ባክአፑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ሲጀምር፣ መስመሩን ይዞት ያገኘዋል።

ስለ ሰርተፍኬት (የሰርቨሩን ማንነት ስለሚያረጋግጠው ፋይል) አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ከርል በ60 ሲወጣ ሰርተፍኬቱን ማረጋገጥ አልቻለም ማለት ነው፤ ብዙዎች ወዲያው ሰረዝ ትንሹ ኬ ጨምረው ያልፉታል፣ ያም ለዘላለም ስክሪፕቱ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በኋላ መሃል ላይ የገባ ማንኛውም ሰው ፓስወርዱንም ዳታውንም ያነባል። መጀመሪያ የማሽኑን ቀን እዩ። መብራት በሚመላለስበት ቦታ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ካለቀች፣ ማሽኑ ሲነሣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ዓመታት ተመልሶ ይገኛል፤ ሰርተፍኬቱም «ገና አልጀመረም» ይባላል። ባትሪውን ቀይሩ፣ ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲያስተካክል አድርጉ። የድርጅቱ የራሱ ሰርተፍኬት ሰጪ ካለ ደግሞ ፋይሉን በሁለት ሰረዝ ሲኤሰርት ስጡት። ፓስወርድም ትእዛዙ መስመር ላይ አይጻፍ፣ በተጻፉት ትእዛዞች መዝገብ ውስጥ ይቀራልና፤ ባለቤቱ ብቻ በሚያነበው፣ ኔትአርሲ በሚባለው የመግቢያ ቃል ፋይል ውስጥ ይቀመጥ።

የመረጣችሁትን ነገር ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ፈትኑት። 200 ሜጋባይት ፋይል መላክ ጀምሩ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ። ለሦስት ደቂቃ ተነቅሎ ይቆይ፤ በ10 ሰከንድ ከመለሳችሁት ቲሲፒ ራሱ ታግሦ ያልፈዋልና ምንም አልፈተናችሁም። መልሳችሁ ስትሰኩት የመውጫ ቁጥሩ ስንት እንደነበር መዝግቡ፣ ስክሪፕቱ ከየት እንደቀጠለ እዩ፣ ሲጨርስ ድምሩን በሁለቱም ወገን አመሳክሩ። ከዚያ ያንኑ ሙከራ ተቀባዩን ማሽን ከመብራት በመንቀል ድገሙት፤ የሙከራ ማሽን ላይ እንጂ ዳታቤዙ ያለበት ላይ አይሁን።